በማወቅም ባለማወቅም

ብዙዎቻችን የዋግ ደጋ ልጆች በጾም ወራት ወደ ንስሐ አባታችን ስንቀርብ «በማወቅም ባለማወቅም የበደልሁትን» እንላለን። በማወቅ ያደረግነውን አንድ ባንድ እንቆጥራለን፤ ባለማወቅ ያደረግነውን ግን በዚያች በአንዲት ቃል እናልፈዋለን። ሳይኮአናሊሲስ የተባለው የሥነ ልቡና ትምህርት ሥራው ሁሉ ከዚህች ከታለፈችው ቃል ጋር ነው።

ውድ አንባብያን፤ ይህን ያነሣነው የክፍል ትምህርት ለመድገም አይደለም። ስለ ፍሮይድ በፈተና ወረቀት ላይ ብዙ ጽፈናል። ስለ ራሱ አንድ ገጽ የጻፈ ግን ከመካከላችን ስንቱ ነው?

ሲግመንድ ፍሮይድ አባቱ እ.ኤ.አ. በ1896 ከሞቱ በኋላ በማግሥቱ ዓመት ሕልሙንና የልጅነት ትዝታውን ይዞ ራሱን መመርመር ጀመረ። ከሕልሙም ተነሥቶ በሕፃንነቱ ያሳደገችው ሞግዚት ገንዘብ እንዲሰርቅ ታደርገው እንደ ነበር ገመተ። እናቱን ቢጠይቅ ግን ሌባዋ ራሷ ሞግዚቷ እንደ ነበረች፥ ተይዛም እንደ ታሰረች ነገረችው። የዘዴው መሥራች እንኳ ስለ ራሱ ያሰበውን ከእናቱ ጋር ማስተያየት አስፈልጎታል ማለት ነው።

በአገራችን «ሕልም እንደ ፈቺው» ይባላል። ፍሮይድ ግን ፈቺነቱን ለሕልመኛው መለሰለት፤ ይኸውም ሕልመኛው ስለ እያንዳንዱ የሕልሙ ክፍል በአሳቡ የመጣለትን ሁሉ፥ አሳፋሪውንም ከንቱውንም ሳይመርጥ እንዲናገር ነው። ታዲያ በየትኛው ቋንቋ ይናገር? ከጋዝጊብላና ከሰቆጣ ዙሪያ ከመጣነው ከፊላችን በቤታችን ኽምጥኛ፥ በጎረቤት አማርኛ፥ በክፍል እንግሊዝኛ የምንናገር ነን። በተማርንበት ቋንቋ ራስን መመርመር ደግሞ መሸሸጊያ ያበጃል። «ኮምፕሌክስ አለብኝ» ማለት ቀላል ነው፤ የሚከብደው እናታችን በምትሰማው ቋንቋ «አባቴን እፈራለሁ» ማለት ነው።

ከመካከላችን አንዱን እናስብ። በመመገቢያው አዳራሽ ከሁሉ ቀድሞ ይጨርሳል፤ ፍርፋሪ አያስቀርም፤ የተረፈውን ዳቦ ኪሱ ይከታል። ጓደኞቹ ይሥቃሉ፤ እርሱም «ልማድ ነው» ብሎ አብሮ ይሥቃል። ከ1977ቱ ረሃብ ብዙ ዓመት ዘግይቶ የተወለደ ነው፤ ነገር ግን ያንን ዘመን ባለፉ አያቱ ማዕድ ላይ አደገ። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» የአማራን ጠባይ ከአፍ፥ ማለት ከምግብና ከንግግር ጋር አያይዞ በሳይኮአናሊሲስ መንገድ ተመልክቶታል። መጽሐፉ ሊነበብ የሚገባው ነው፤ ይሁን እንጂ የዋግን ልጅ ስለ ጡት ከመጠየቅ በፊት ስለ ጎተራ መጠየቅ ይገባል እንላለን።

«አገር በችግር ሳለ ራስን መመርመር የጥጋብ ሥራ ነው» የሚሉን አሉ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ሰቆጣ ሲደርስ ብዙዎቻችን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ያን ጊዜ ያየነውን የት አስቀመጥነው? በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ከሌላ ክፍለ ሀገር በመጣው ወንድሙ ላይ የሚጮኸው ተማሪ በእውነት የሚመልሰው ለማን ነው? የማያውቀውን ቁጣ የፖለቲካ አቋም ነው ብሎ የያዘ ሰው ነገ ዳኛ፥ መምህር ወይም አስተዳዳሪ ይሆናል። ይህ የጥጋብ ጉዳይ ነውን?

ድንበሩንም መሸሸግ አይገባም። ፍሮይድ ራሱ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1897 ለወዳጁ ለፍሊስ በጻፈው ደብዳቤ እውነተኛ ራስን መተንተን አይቻልም ብሏል። ካረን ሆርናይ ግን እ.ኤ.አ. በ1942 በዚሁ ጉዳይ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፋ በልክ ከሆነ ይቻላል አለች። እኛ ወደ ሆርናይ እናደላለን። ለዳቦው ነገር ደብተርና እውነተኛ ጓደኛ ይበቃሉ፤ ጦርነቱ ሌሊት ሌሊት እየመጣ እንቅልፍ የሚነሣው ግን ሐኪም ዘንድ ይሂድ እንጂ ቁስሉን ብቻውን አይቈፍር።

ለክረምት ወደ አስከተማና ወደ ሰቆጣ የምትመለሱ፥ በልጅነታችሁ ምን እንደ ፈራችሁና ማን እንዳባበላችሁ እናቶቻችሁን ጠይቁ፤ መልሱንም በተነገራችሁ ቋንቋ ጻፉት። የሥነ ልቡና መምህራኖቻችንም በአማርኛና በኽምጥኛ ጥያቄ የሚነሣበት አንድ ምሽት ቢሰጡን አዳራሹን ማኅበሩ ያዘጋጃል።