ፎቶግራፍ አሳንሰን ስንልክ እናስተውል

ውድ የቢስቲማ ነዋሪዎች፣

በቴሌግራም ፎቶ መላላኩ ደግ ነገር ነው። አዲስ አበባና ዐረብ አገር ያሉት ልጆቻችን ሰርጉንም ሐዘኑንም በዕለቱ ያያሉ። እኛ የምንለው ግን አንድ ነገር አለ።

ይኸውም የስልክ ፎቶ ከጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። 4000 በ3000 ነጥብ የሆነው፣ ዝም ብሎ በፎቶነት ሲላክ ረጅሙ ጎን ብዙውን ጊዜ ወደ 1280 ይወርዳል። ከአሥሩ ነጥብ ዘጠኙ ቀረ ማለት ነው። ስልክ ላይ ለማየት ይበቃል፣ ሂሳብም ይቆጥባል፤ ይህን አንቃወምም።

ነገር ግን የሟች አባት ምስል ደሴ ፎቶ ቤት ተወስዶ ይተለቅ ሲባል ጉዱ ይወጣል። በጥራት የሚታተመው 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ ሲለጠጥ ፊቱ ይደበዝዛል። የጠፋው ነጥብም አይመለስ። ስልኩ ከተሰበረ ዋናውም የለም።

ስለዚህ የቅሬው ማስታወቂያና የዕለት ወሬ አንሶ ይላክ። የወላጅና የድሮ ፎቶ፣ የቤት ካርታም ጭምር፣ በ«ፋይል» ይላክ፤ አንድ ቅጂም በፍላሽ ይቀመጥ። ጥቂት ብር አትርፎ የአባትን ፊት ማጣት ቁጠባ አይባልም። የምታውቁ ልጆች ለእናቶቻችሁ አሳዩአቸው።

የቅሬው ጸሐፊ