ከማግኔቱ ጉልበት በፊት የባለሙያው ዕውቀት

ስለ ኤም አር አይ መሣሪያ በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ የሚጠየቀው ማግኔቱ ስንት ቴስላ እንደሆነ ነው። በእኛ እምነት ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ይኸውም መሣሪያው አንዱን ኅብረ ሕዋስ ከሌላው ለይቶ እንዲያሳይ የሚያደርገው ምንድን ነው የሚለው ነው።

እንደሚታወቀው ምስሉ የሚገኘው በሰውነታችን ውሃና ስብ ውስጥ ካሉት የሃይድሮጂን አስኳሎች ነው። አስኳሎቹ በማግኔቱ መስክ ውስጥ ሳሉ በሬዲዮ ሞገድ ሲመቱ ሚዛናቸውን ይስታሉ፤ ሞገዱ ሲቋረጥ ቀስ በቀስ ይመለሳሉ። መሣሪያው ውሃን ብቻ የሚለካ ቢሆን ኖሮ የአንጎል ምስል ደብዛዛ በሆነ ነበር፤ ነጩ የአንጎል ክፍል 70 በመቶ፣ ግራጫው 80 በመቶ ገደማ ውሃ ነውና። ወደ ሚዛን የሚመለሱበት ጊዜ ግን በእጅጉ ይለያያል። በ1.5 ቴስላ ለነጩ 600፣ ለግራጫው 900፣ በአንጎል ዙሪያ ላለው ፈሳሽ ደግሞ 4000 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው።

እንግዲህ ባለሙያው የሬዲዮውን ምት በየ500 ሚሊ ሰከንዱ ቢደጋግም ፈጥኖ የሚመለሰው ነጭ ክፍል ይደምቃል፤ ፈሳሹ ይጠቁራል። ምቱን አራርቆ ምልክቱን ዘግይቶ ቢቀበል ግን ፈሳሹና ውሃ የቋጠረው እብጠት ይደምቃሉ። ይህ የፈሳሽ ድምቀት አጠገቡ ያለውን ቁስል የሚሸፍን ከሆነ ደግሞ አስኳሎቹን በ180 ዲግሪ ገልብጦ፣ የፈሳሹ ምልክት ዜሮ እስኪሆን ከ2 እስከ 2.5 ሰከንድ መጠበቅ ይቻላል። ያን ጊዜ ፈሳሹ ይጠፋል፤ ቁስሉ ይታያል። ማግኔቱም ታካሚውም ያው ናቸው፤ የተለወጠው የጊዜው አመራረጥ ብቻ ነው።

ከፍተኛ ማግኔት ጥቅም የለውም አንልም፤ ምልክቱን ያጎላል። ነገር ግን የመመለሻውን ጊዜ ስለሚያስረዝም ለ1.5 ቴስላ የተመረጠው ጊዜ ለ3 ቴስላ እንዳለ አይሆንም። በደም ሥር የሚሰጠው ጋዶሊኒየምም ባልተጣመሩት 7 ኤሌክትሮኖቹ አማካይነት በአጠገቡ ያለውን የውሃ አስኳል በፍጥነት ስለሚመልስ አንዳንድ ዕጢዎችን አጉልቶ ያሳያል። ሆኖም በ2006 ኩላሊታቸው በደከመ ሕሙማን ላይ ከሚደርስ ከባድ የቆዳ መጠጠር ጋር መያያዙ ተገልጿል፤ በ2014 ደግሞ ርዝራዡ በአንጎል ውስጥ ሊቀር እንደሚችል የሚጠቁም ጥናት ከጃፓን ወጥቷል። ስለሆነም በጊዜ አመራረጥ ሊታይ የሚችለውን ነገር በመርፌ መፈለግ ተገቢ አይደለም።

ውድ ተማሪዎች፣ ይህ ሁሉ በፈተና ወረቀት ላይ በምታገኙት አንድ የኤክስፖኔንሻል ቀመር ላይ የቆመ ነው። ቀመሩን የሚሸመድድ ሰው ፋብሪካው የሞላለትን ቁጥር ይጠቀማል፤ የተረዳው ግን ለታካሚው የሚስማማውን ይመርጣል። በመሆኑም ሐኪም ቤት ለማግኔቱ የሚያወጣውን ያህል በማግኔቱ ለሚሠራው ሰው ትምህርት ሊጨነቅ ይገባል እንላለን፤ የፊዚክስ ምሩቅም ቦታው ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ብቻ ሳይሆን ከዚህ መሣሪያ አጠገብም ነው።