እርግብና አይሮፕላን

እኛ የጎጃም በረንዳ ልጆች የእርግብን ጠባይ ጠንቅቀን እናውቃለን። በአጠገባችን ባለው እህል በረንዳ ጆንያ ሲራገፍ ፍሬ በፈሰሰበት ሁሉ ትሰፍራለች፤ ባለሱቁ በመጥረጊያ ቢያባርራት ጣራ ላይ ወጥታ ትጠብቅና ዘወር ሲል ትመለሳለች። ይህስ ያስቃል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. በባሕር ዳር የሆነው ግን አያስቅም። 104 ሰዎች ይዞ ወደ አሥመራ ሊበር የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከእርግቦች መንጋ ጋር ተጋጨ፤ እርግቦቹ በሁለቱም ሞተሮች ገቡ፤ ሞተሮቹ ኃይል አጡ፤ አይሮፕላኑም በሆዱ ሲያርፍ በእሳት ተያይዞ 35 ሰዎች ሞቱ።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ተኩሶ ማባረር ነው እንጂ!» ይላሉ። ተኩስ ለጊዜው ይረዳ ይሆናል፤ ዳሩ ግን ከባለሱቁ መጥረጊያ በምን ይለያል? እርግብ የምትመጣው ለሆዷ ነው። ስለዚህ በመንደርደሪያው ዙሪያ ያለውን ሣር ዘር ሳይዝ ማጨድ፥ ውሃ የሚያቁረውንም ጉድጓድ መድፈን ይገባል። ከአጥሩ ማዶ ያለነውም ሰዎች ድርሻ አለብን፤ እህል ለእርግብ እንደሆነ ሁሉ የሥጋ ትራፊም አሞራን ይጠራልና። ገበሬውን «መሬትህን አትረስ» ማለት ይከብደኛል፤ ቄራና የቆሻሻ መጣያ ግን ከአይሮፕላን ማረፊያ ራቅ ብሎ ቢሠራ ማን ይጎዳል?