በዕቃ ቤት ስለ ከረመ ሞተር ሳይክልና ስለ ባትሪው

ከዲላ ከተማ ተነሥቶ በወናጎና በይርጋ ጨፌ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወርደው መንገድ አስፋልት ነው፤ የጌዴኦ ገበሬ ኹሉ ግን በአስፋልቱ ዳር አይኖርም። የብዙው ቤት በዳገቱ ላይ፥ ከእንሰቱና ከቡናው መካከል፥ ከትልልቁ የጥላ ዛፍ በታች ነው። ይህ የጌዴኦ የተክል አያያዝ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ለመግባት የበቃ ታላቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ለመኪና የሚመች አይደለም። ስለዚህ የግብርና ሠራተኛ ወደ ገበሬው ደጅ የሚደርሰው ወይ በእግሩ ወይ ሕዝቡ ዶቅዶቄ በሚለው በሞተር ሳይክል ነው።

የሠራተኛው መዘግየት የሚያመጣው ጉዳት ለቡና አገር ሹም የተሰወረ አይደለም። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1971 ዓ.ም. የታየው የቡና ፍሬ በሽታ ለጋውን አረንጓዴ ፍሬ ይይዛል፤ ፍሬው ላይ ጥቁርና ጎድጎድ ያለ ነጥብ የታየ ጊዜ መድረስ ያስፈልጋል እንጂ፥ ፍሬው ደርቆ ከረገፈ በኋላ መድረስ ለመዝገብ ካልኾነ በቀር ምንም አይጠቅም። እንሰት አጠውላጊው በሽታም በታመመው ተክል ላይ በዋለ ቢላዋ ወደ ጤናማው ይተላለፋል፤ ገበሬው ቢላዋውን በእሳት እንዲያነጻና የታመመውን ነቅሎ እንዲቀብር የሚነግረው ሰው በአንድ ሳምንት ቢዘገይ፥ ያ ሳምንት የብዙ ዓመት ምግብ ሊያጠፋ ይችላል።

እንግዲህ ይህን የሚያህል ሥራ የተጣለበት ሞተር ሳይክል፥ የበጀት ዓመቱ ሲያልቅ ለቤንዚን የተመደበው ገንዘብ ያለቀ እንደ ኾነ፥ ወይም ነጂው ወደ ሌላ ወረዳ የተዛወረ እንደ ኾነ፥ በዕቃ ቤት ይቆማል። ሦስት ወር አራት ወር ይከርማል። በጥቅምት የእሸት ቡና ለቀማ ሲደርስ በችኰላ አውጥተው ማስነሻውን ቢጫኑት፥ ቀጭ የሚል ድምፅ ብቻ ያሰማል። በዚያን ጊዜ በወረቀት ላይ «ባትሪው ሞቷል፤ አዲስ ይገዛ» ተብሎ ይጻፋል፤ ግዢውም በደብዳቤ ሲመላለስ የለቀማው ወራት ያልፋል። ከኹሉ የሚያሳዝነው ግን፥ አዲሱ ባትሪ መጥቶ ከተገጠመ በኋላም ሞተሩ አልነሣም ማለቱ ነው።

ይህ የሚኾነው የበሽታው ስፍራ ሳይታወቅ መድኃኒት ስለሚገዛ ነው። ባትሪ ሳይሠራበት ቢቀመጥም ያለውን ኃይል በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያለ በራሱ ያጣል፤ በሞቃት ስፍራ ደግሞ ይፈጥናል። ስለዚህ ሌላው ነገር እኩል ቢኾን፥ በዲላ የተቀመጠው በቡሌ ደጋ ከተቀመጠው ቀድሞ ይደክማል። በውስጡ ያለው እርሳስ ኃይሉን ባጣ ጊዜ የሰልፌት ቅርፊት ይለብሳል፤ ይህም ቅርፊት ወዲያው ቢሞላ ይለቃል፥ ለብዙ ወራት ቢተው ግን እንደ ድንጋይ ይጠነክርና ከዚያ ወዲያ ኃይል የሚቀበል አይኾንም። እንግዲህ ባትሪውን የገደለው ብዙ ጊዜ እርጅና ሳይኾን ባዶውን መክረሙ ነው።

ከመግዛት በፊት መለካት ይገባል። የኤሌክትሪክ መለኪያው፥ መካኒኮች ቴስተር የሚሉት፥ በየከተማው ጋራዥ ይገኛል። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ከሞላና ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 12.6 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ጤናማ ነው። 12.4 ገደማ ቢያሳይ መሞላት ይሻል። ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ሞቷል ማለት ገና አይቻልም። ባትሪው ስድስት ክፍል አለው፥ እያንዳንዱም ክፍል ከኹለት ቮልት ጥቂት ይበልጣል፤ ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ተሞልቶ አድሮ ቆይቶም 10.5 ገደማ ብቻ የሚያሳይ ቢኾን አንዱ ክፍል ጠፍቷልና አዲስ መግዛት የሚገባው ያን ጊዜ ነው።

በሙላቱም ጊዜ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሞተር ሳይክል ባትሪ ትንሽ ነው፤ የሚሞላውም ከችሎታው ዐሥረኛ እጅ በማይበልጥ ኃይል ነው፤ ይኸውም ባለ 7 አምፔር ሰዓት ለኾነው 0.7 አምፔር ማለት ነው። ለጭነት መኪና በተሠራው መሙያ በአንድ ሰዓት ሞልቼ እሰጣለሁ የሚል ቢገኝ፥ ባትሪውን ቀቅሎ ይመልሰዋል። ክዳን ላለው ባትሪ የጎደለው የተጣራ የባትሪ ውሃ ይጨመርለታል እንጂ የቧንቧ ውሃ ወይም አዲስ አሲድ አይጨመርም፤ የታሸገውን ደግሞ ከቶ መክፈት አይገባም። ሲሞላ የሚወጣው አየር በእሳት የሚፈነዳ ስለ ኾነ በአጠገቡ ሲጋራ ማጨስ ሞኝነት ነው።

ቀጭ የሚለው ድምፅ ራሱ ብዙ ይናገራል። ድምፁ ተሰምቶ ሞተሩ ካልዞረ፥ ወይ ባትሪው ደክሟል ወይ የሽቦው መያዣ ዝጎ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት አብቅሏል፤ ይህን ዱቄት በሞቀ ውሃና በሶዳ አጥቦ፥ አድርቆና ፈግፍጎ ማጥበቅ ገንዘብ የማያስወጣ ሥራ ነው። ምንም ድምፅ ከሌለ ፊውዙንና ማጥፊያውን መመልከት ይገባል፤ አንዳንድ ጊዜ ነገሩ ኹሉ ማጥፊያው ተጭኖ መቆየቱ ኾኖ ይገኛል። ሞተሩ በደንብ እየዞረ ካልተነሣ ግን ባትሪውን መክሰስ ግፍ ነው፤ ጉድለቱ ከካንዴላው ወይም ከቤንዚኑ ነው። በእግር ተረግጠው ከሚነሡት ብዙዎቹ ደግሞ የእሳታቸውን ኃይል የሚያገኙት ከራሳቸው ማግኔት ነውና ባትሪው ባዶ ቢኾን እንኳ ይነሣሉ። እንዲህ ያለው ሞተር ሳይክል ተረግጦ እንቢ ካለ፥ አዲስ ባትሪ መግዛት ለታመመ ዓይን ጫማ እንደ መግዛት ነው።

ቤንዚንም እንደ ጠላ ይበላሻል። ቀላሉ ክፍል ተንኖ ይሄድና የቀረው እንደ ሙጫ ኾኖ በካርቡራተሩ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ውስጥ ይጣበቃል። ቾኩ ሲሳብ ተነሥቶ፥ ቾኩ ሲመለስ የሚጠፋ ሞተር ብዙ ጊዜ በሽታው ይህ ነው። አሮጌውን ቤንዚን ማፍሰስ፥ ካርቡራተሩን ፈትቶ በማጠቢያና በአየር ኃይል ማጽዳት ያስፈልጋል፤ ቀዳዳውን በብረት ሽቦ የሚጐረጉር መካኒክ ግን ቀዳዳውን ስለሚያሰፋ መከልከል ይገባዋል። ብዙ ወር የቆመውን ከማስነሣት በፊት ካንዴላውን ነቅሎ ጥቂት ጠብታ ዘይት በሲሊንደሩ ውስጥ ማንጠባጠብ፥ ደጋግሞም በቀስታ መርገጥ ይጠቅማል። የአየር ማጣሪያውንም ከፍቶ ማየት ነው፤ በእህል መጋዘን አጠገብ የከረመ ከኾነ አይጥ ጎጆ ሠርታበት ትገኝ ይኾናል።

አንዳንድ ሹማምንት፥ «ይህ የመካኒክ ጉዳይ ነው፤ አስተዳዳሪ ባትሪ እየለካ ሊውል ነውን» ይሉ ይኾናል። እውነት ነው፥ መለካቱ የመካኒኩ ነው፤ ማን እንደሚጠብቀው ማዘዝ ግን የሹሙ ነው። በዕቃ ቤት መዝገብ የሚጻፈው የሞተር ሳይክሉ ቁጥርና ቀለም ብቻ ከኾነ፥ ቁጥሩና ቀለሙ ይጠበቃል፤ ሞተሩ ግን ይሞታል። ሲገባ ቤንዚኑ መፍሰሱ፥ ባትሪው ተፈቶ በደረቅ ስፍራ መቀመጡ፥ በየወሩም መሞላቱ በስምና በፊርማ መጻፍ አለበት፤ ባትሪው ሲፈታ ነጌቲቩ ቀድሞ፥ ሲገጠም ደግሞ ነጌቲቩ ኋላ መኾኑን ጠባቂው ይወቅ። የቡና እርሻ ባለቤቶችም ለሠራተኞቻቸው በያዟቸው ሞተር ሳይክሎች ላይ ይህንኑ ቢያደርጉ፥ እሸት ቡናው በተለቀመበት ቀን ወደ መፈልፈያው እንዲደርስ ያሳስባቸዋልና ጥቅሙ ለራሳቸው ነው። ለዚህ የሚወጣው ወጪ የአንድ ትንሽ መሙያ ዋጋ ነው፤ ይህንም ወጪ «በበጀት አልተያዘም» ብሎ የሚመልስ የፋይናንስ ሹም፥ በየዓመቱ ለአዲስ ባትሪ የሚፈርመውን ገንዘብ ደምሮ ቢያይ ያፍር ነበር።

በእውነት የሞተውንም ባትሪ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ መጣል አይገባም። እርሳሱና አሲዱ በዝናብ ታጥቦ ወደ ምንጭና ወደ እንሰቱ ሥር ይወርዳል፤ እርሳስ ደግሞ ይልቁንም ሕፃናትን ይጐዳል። ስለዚህ አሮጌው ባትሪ ሳይሰበርና አሲዱ ሳይፈስ ተቈጥሮ በዕቃ ቤት ይቀመጥ፤ ለሚረከበው በሕግ የተፈቀደለት ሰብሳቢ ሲገኝም በደረሰኝ ይሰጠው፥ ቁጥሩም ከአዲሱ ጋር በአንድ መዝገብ ይጻፍ።