በዝናብ የተሞላው ገንዳና ስምንቱ ጄሪካን
(ከ11ኛ ክፍል ተማሪ)

የምንኖረው ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ በሚባለው ሰፈር ነው። በግቢው ውስጥ ሦስት ቤተሰብ ተከራይተናል፤ በዋናው ቤት ደግሞ ባለቤቱ አሉ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው። ከቤታቸው ጀርባ የመዋኛ ገንዳ አላቸው፦ ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ስፋቱ 4 ሜትር፣ ጥልቀቱ በአማካይ አንድ ሜትር ተኩል። ባለፈው ዓመት የጣሪያቸውን አሸንዳ በሙሉ በቱቦ አገናኝተው ወደ ገንዳው መለሱት። ክረምቱ ሲያልቅ ገንዳው ሞልቶ ነበር። ቦቴ አልተጠራም፣ ከከተማው መስመርም ጠብታ አልተወሰደም።

ነገሩ ግቢውን ብዙ አነጋገረ። እናቴ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ገንዳ መሙላት ነውር ነው ባይ ናት። ጋሼ ደግሞ «ዝናቡን ከማንም አልቀማሁም፤ ባልይዘው መንገድ ላይ ፈስሶ ይቀር ነበር» ይላሉ። እኔ መጀመሪያ ከእናቴ ጋር ነበርኩ። ቁጭ ብዬ ካሰላሁት በኋላ ግን፣ እናቴን ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ሁለቱም ያላዩት ነገር ያለ መሰለኝ።

በመጀመሪያው ነገር ጋሼ እውነት አላቸው። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የሚወርድ 1 ሚሊሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። የእርሳቸው ጣሪያ 150 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። ተረጭቶና ተኖ ለሚቀረው አንድ አምስተኛውን ብንቀንስ፣ ከእያንዳንዱ ሚሊሜትር 120 ሊትር ይገባል። ገንዳው የሚይዘው 48,000 ሊትር ስለሆነ 400 ሚሊሜትር ዝናብ ይፈልጋል ማለት ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት በሚጥለው ረጅም ዝናብ ናይሮቢ በደህና ዓመት ይህን ያህል ታገኛለች፤ ገንዳው ላይ በቀጥታ የሚወርደውንም አልቆጠርኩም። እ.ኤ.አ. በ2024 በሚያዝያ ጎርፉ የማታሬን ወንዝ ዳር ቤቶች ሲወስድ ያየ ሰው፣ የጣሪያን ውሃ ግቢ ውስጥ ማስቀረት ጥፋት ነው ብሎ የሚፈርድ አይመስለኝም።

ችግሩ የሚመጣው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው። ባለፈው የካቲት ለሰባት ቀን የገንዳውን ውሃ በማስመሪያ ለካሁ። ሦስት ሳንቲ ሜትር ተኩል ጎደለ። ምናልባት ገንዳው ያፈስ እንደሆነ ብዬ ባልዲ ውሃ ሞልቼ ደረጃው ላይ አስቀምጬ ነበር፤ ባልዲውም ያንኑ ያህል ጎደለ። ባልዲው ቀዳዳ የለውም። የወሰዱት ፀሐይና ነፋስ ናቸው። በቀን 5 ሚሊሜትር ለዓይን ምንም አይደለም፣ በገንዳው 32 ካሬ ሜትር ስናባዛው ግን 160 ሊትር ነው። ስምንት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን፣ በየቀኑ! በዚያው ሳምንት መስመሩ ደርቆ እኛ ቤት በጋሪ ከሚያዞሩት ሰዎች በቀን ስድስት ጄሪካን እየገዛን ነበር።

ጋሼ የጎደለውን በምን ይሞሉታል? በቦቴ። በጥርና በየካቲት የሚተነው ተደምሮ ወደ 10,000 ሊትር ይጠጋል። ስለዚህ «በዝናብ የተሞላ ገንዳ» የሚባለው ነገር እውነት የሚሆነው ለዓመቱ ግማሽ ብቻ ነው።

እኔ ገንዳው ይድረቅ አልልም። በሙቀት ቀን ዋኝቼበታለሁ፣ ልዋሽ አልችልም። የምለው፣ አሸንዳው መጀመሪያ ወደ ሮቶ ይግባ፤ ሮቶው ሞልቶ የተረፈው ወደ ገንዳው ይለፍ ነው። አክሱም ያለውን ማይ ሹምን ሰው «የንግሥተ ሳባ መታጠቢያ» ይለዋል፤ ነገር ግን ከአለት ተፈልፍሎ የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅም ማከማቻ ነው። ልጆች ዋኝተውበታል፣ ዋናው ሥራው ግን ለሚቀዳው ሰው ውሃ ማቆየት ነበር።

ሁለተኛ፣ ማንም በማይዋኝበት ሰዓት ገንዳው ይሸፈን። ጥሩ ሸራ ትነቱን በአብዛኛው ያስቀረዋል። (ሸራ ግን አጥር አይደለም። ታናሽ ወንድሜ አራት ዓመቱ ነው፤ ሕፃን ሸራው ላይ ቢወጣ ከሥሩ ሊገባ ይችላል። በር ያለው አጥር የግድ ነው።)

ዝናብ ንጹሕ ስለሆነ ምንም አያስፈልገውም የሚሉም አሉ። የወፍ ኩስና አቧራ የሚያጥበው የመጀመሪያው ዝናብ ወደ ውጭ መለቀቅ አለበት፤ ገንዳውም ክሎሪን ይፈልጋል፣ አለበለዚያ በሳምንታት ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ወባ ትንኝ ይራባበታል። የዝናብ ውሃ ማዕድን ስለሌለው የገንዳውን ሲሚንቶም ቀስ በቀስ ይበላል፤ ለዚህ ካልሲየም ክሎራይድና ቤኪንግ ሶዳ ይጨመርበታል።

ስሌቱን ለጋሼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡና «ስምንት?» አሉኝ። ሸራው እስከ አሁን አልተገዛም። የኋለኛው አሸንዳ ግን ወደ ተከራዮቹ ሮቶ ዞሯል።

ገንዳ ያላችሁ ወላጆች ጥቂት እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ጣሪያ ግን ሁላችንም አለን። የትምህርት ቤታችን አዳራሽም ሰፊ ጣሪያ አለው፣ አሸንዳ ግን የለውም። በሚያዝያ ከዚያ የሚወርደው ውሃ ሜዳውን ጭቃ አድርጎ ኳስ ያስቀረናል፤ በየካቲት ደግሞ የመጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ ይደርቃል። የወላጆች ኮሚቴ ከፈቀደ ጣሪያውን የምንለካው እኛ 11ኛ ክፍሎች ነን። ሜትርና መሰላል ብቻ ይሰጠን።