ጥቁሩ መስኮትና የድሬዳዋ ፀሐይ

በድሬዳዋ ቀትር በሩ ተከፍቶ ኮምፒውተር ላይ ስትሠሩ፣ ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁሩ የዊንዶውስ መስኮት፣ ኮማንድ ፕሮምፕት፣ እንደ መስተዋት ፊታችሁን ያሳያችኋል። ደቃቁን ፊደል ለማንበብ ዐይን ይደክማል፤ ድካሙም ማታ ለቤተሰብ ይተርፋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የመስኮቱን አናት በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጫኑና «ፕሮፐርቲስ»ን ምረጡ። በ«ፎንት» ፊደሉን ወደ 20 ወይም 24 አሳድጉ፤ በ«ከለርስ» ጀርባውን ነጭ፣ ጽሑፉን ጥቁር አድርጉ። ዊንዶውስ 11 ላይ ግን ከላይ ካለችው ቀስት ሥር «ሴቲንግስ»ን ክፈቱ።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ኮምፒውተሩ የጋራችሁ ከሆነ ከመቀየራችሁ በፊት ተነጋገሩ። ለአንዱ ዐይን የተመቸው ሌላውን ሊያስቸግር ይችላል። ቅያሜ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ሳይጠያየቁ ከሚደረግ ትንሽ ነገር ነው።