የእጅ ዋጋችንን ለማን ነው የምንተወው?

ሱቅ ዐረቢ የነገድን ሁሉ እናውቀዋለን፤ የወርቅ ሒሳብ በግራሙ ብቻ አያበቃም። አንጥረኛው "መስነዒያ" ብሎ የእጁን ዋጋ ይጨምራል፤ እኛም ሳናንገራግር እንከፍል ነበር። የራሳችን ድንጋይ ላይ ስንደርስ ግን ይህን እንረሳለን።

የወሎው ኦፓል እ.ኤ.አ. በ2008 ደላንታ ውስጥ ወገል ጤና አካባቢ ከተገኘ ወዲህ ስሙ በዓለም ገበያ ታውቋል። ጥሬው ግን በብዛት ህንድ፣ ጃይፑር ሄዶ ይቆረጣል። ገደል ፈልፍሎ ያወጣው ልጅ በኪሎ ይሸጣል፤ ቆራጩ በፈርጥ ይሸጣል።

ሥራው ትዕግሥት እንጂ ትልቅ ፋብሪካ አይጠይቅም። ድንጋዩን ብርሃን ላይ እያዞሩ ቀለሙ የሚፈካበትን ፊት መምረጥ፣ ስንጥቁን ማስወገድ፣ እንጨት ጫፍ ላይ በሰም አጣብቆ ፊቱን እንደ ጉልላት መሞረድ፣ ከዚያም ከሻካራ ወደ ልም እያሉ ማለስለስ ነው። ከጥሬው ብዙው ዱቄት ሆኖ ይሄዳል፤ ዋጋው የተረፈው ላይ ነው። ደግሞም የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል፤ ሲጠጣ ክብደቱ ይጨምራል፣ የቀለሙ ጨዋታም እስኪደርቅ ይጠፋል። ስለዚህ እርጥቡን ድንጋይ ሚዛን ላይ አናስቀምጥ፤ ሽቶና ዘይትም አናስነካው።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 የተነሳው ጦርነት ከሱቃችን በትኖናል። ዕቃ ይዘረፋል፤ እጅ የለመደውን ሙያ ግን ዘራፊም ኬላም አይወስደውም። መተማም ሆነ አዲስ አበባ እንደገና የጀመርን ቤተሰቦች፣ ከመጀመሪያው ትርፋችን ላይ ቆጥበን ለአንድ ልጃችን መሞረጃ እንግዛለት፣ ሙያውን ከሚያውቅ ሰው ዘንድም እናስቀምጠው። ያኔ መስነዒያው ለእኛው ቤት ይሆናል።